ካርድ፣ ስልክ፣ ታብሌት ወይስ ፕሮጀክተር? ለሰሜን ሸዋ ትምህርት ቤቶች የንጽጽር መመሪያ

ሰኔ ሲገባ በየትምህርት ቤቱ አንድ ጥያቄ ይነሳል፦ «በጀቱ ሳይመለስ ምን እንግዛ?» አንዱ ታብሌት ይላል፤ ሌላው ፕሮጀክተር። የአይሲቲ መምህሩ ደግሞ የኮምፒውተር ክፍሉ ይጠገን ባይ ነው። ሰኔ 30 እየቀረበ ስለሚሄድ ውሳኔው ቀድሞ በተገኘው ፕሮፎርማ ይወሰናል። ዕቃው ይመጣል፣ ንብረት ክፍል ይመዘገባል፣ ብዙ ጊዜም እዚያው ይቀራል።

ይህ ጽሑፍ ለርዕሰ መምህራን፣ ለዲፓርትመንት ተጠሪዎችና ለወላጅ መምህር ተማሪ ኅብረት አባላት ነው። የዋጋ ቁጥር አላስቀመጥንም፤ ከወር ወር ስለሚለዋወጥ ጽሑፉን ያስረጀዋል። በምትኩ ወጪውን እርስ በርስ አነጻጽረናል።

ከዕቃው በፊት ክፍሉን እዩ

ፕላዝማ ያየ መምህር ይህን ለማስረዳት ብዙ ቃል አያስፈልገውም። በ1997 ዓ.ም. የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት በሳተላይት በየክፍሉ ሲገባ ሥርጭቱ ቆሞ አይጠብቅም ነበር፤ መብራት ሲሄድ ያለፈው አለፈ፣ ተማሪው ያልገባውን ለመጠየቅ እጁን ሲያወጣም ትምህርቱ ይቀጥላል። ስክሪኑ ራሱ ደህና ዕቃ ነበር። ችግሩ ከክፍሉ ጋር አለመግባባቱ ነው። ስለዚህ ማንኛውንም አማራጭ ከማየት በፊት እነዚህን አስቀድሙ።

የመጀመሪያው መብራት ነው። «መብራት አለን» ማለት ብቻውን አይበቃም። በትምህርት ሰዓት በሳምንት ስንት ጊዜ ይሄዳል? ሶኬቱ የትኛው ክፍል ነው ያለው? ሁለት ሳምንት በወረቀት መዝግቡ፤ ከማንኛውም ፕሮፎርማ ይልቅ ይህ መዝገብ ይጠቅማችኋል።

ሁለተኛው የተማሪ ቁጥር። በአንድ ክፍል 40 ተማሪ የታሰበበት ዕቃ 65 ያሉበት ክፍል ሲገባ ሌላ ዕቃ ይሆናል።

ሦስተኛው ኔት፣ በተለይ ኔቱ ለቀናት ወይም ለሳምንታት ቢጠፋ ምን ይቀራል የሚለው። አራተኛው ከ40 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ ስንት ደቂቃ ለማዘጋጀት ይበላል? ከ5 በላይ ከሆነ መምህሩ ሁለት ሳምንት ሞክሮ ይተወዋል፤ ስንፍና አይደለም፣ ምዕራፍ መጨረስ አለበት።

አምስተኛው ከፍታና አየር ነው። ይህን መስፈርት ከሌላ አገር የተቀዳ መመሪያ ውስጥ አታገኙትም። ደብረ ብርሃን ከ2,700 ሜትር በላይ፣ መሐል ሜዳ ከ3,000 በላይ፣ ሸዋ ሮቢት ደግሞ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ናቸው። በአንድ ዞን ውስጥ ውርጭም በረሃም አለ። ለአንዱ የተገዛ ዕቃ ለሌላው እንዳለ አይሠራም።

አንደኛ፦ አንድ ስልክና የወረቀት ካርድ

ፕሊከርስ የሚባለው መተግበሪያ የተማሪ ስልክ አይፈልግም። እያንዳንዱ ተማሪ ጥቁር ቅርጽ የታተመበት ካርድ ይይዛል። ካርዱ አራት ጎን አለው፦ ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ዲ። መልሱ ሲ ከሆነ ሲ የተጻፈበትን ጎን ወደ ላይ አድርጎ ያነሳል። መምህሩ የስልኩን ካሜራ በክፍሉ ላይ ሲያዞር የማን መልስ ምን እንደሆነ ስልኩ ይመዘግባል። ፊደሎቹ ደቃቅ ስለሆኑ፣ ቅርጹም ከተማሪ ተማሪ ስለሚለያይ ጎረቤት መኮረጅ አይችልም። እጅ አውጡ ሲባል ጎበዙን አይቶ እጅ ማንሳት የለመደ ክፍል ውስጥ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

አዘገጃጀቱ እንዲህ ነው። ካርዶቹ ባለ 40 እና ባለ 63 ሆነው በነጻ ይገኛሉ፤ በአንድ ኤ4 ገጽ ሁለት ካርድ ስለሚወጣ ባለ 63ቱ 32 ገጽ ይፈጃል። ጠንከር ባለ ወረቀት አትሙ። ላሚኔት አታድርጉ፤ ፕላስቲኩ ብርሃን ያንጸባርቅና ካሜራው ቅርጹን ማንበብ ያቅተዋል። የተማሪውን ስም በመተግበሪያው ላይ ከካርዱ ቁጥር ጋር አያይዙ፤ የክፍል ስም ዝርዝር ተራ ቁጥርን እንዳለ መጠቀም ይቀላል። ጥያቄውን ስክሪን ላይ ማሳየት ግድ አይደለም፤ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ጻፉት።

የሚበላሸው የት ነው? አንደኛ፣ መስኮቱ ከተማሪዎቹ ኋላ ከሆነ ካሜራው ብርሃኑን እንጂ ካርዱን አያይም፤ መስኮቱን በጎናችሁ ወይም በጀርባችሁ አድርጋችሁ ቁሙ። ሁለተኛ፣ ተማሪ ካርዱን ሲይዝ አውራ ጣቱ ጥቁሩን ይሸፍናል፤ ነጩን ጠርዝ እንዲይዙ አሳዩአቸው። ሦስተኛ፣ ካርድ መለዋወጥ። ካርዱን ደብተር ጀርባ ላይ ማጣበቅ ይህን ይቀንሳል፣ ግን ደብተሩን ቤት የረሳ ተማሪ ካርዱንም ረሳ ማለት ነው። በክፍል በክፍል ካርቶን ውስጥ አስቀምጦ አለቃው ቢያድል ይሻላል።

የመምህሩ ስልክ ኔት ላይ መሆን አለበት፤ ቪዲዮ ስለሌለው ግን ጥቅል አይጨርስም። ኔት በሌለበት ቀን ደግሞ ይኸው ዘዴ በጣት ይሠራል፦ 1፣ 2፣ 3 ወይም 4 ጣት ደረት ላይ አስጠግቶ ማሳየት። መዝገብ አይተውም፤ ግማሹ ክፍል እንዳልገባው ግን በ10 ሰከንድ ይነግራል።

ሁለተኛ፦ ተማሪው ይዞት የሚመጣው ስልክ

ብዙ ትምህርት ቤት በመተዳደሪያ ደንቡ ስልክ ይከለክላል፤ ምክንያትም አለው። ይህን አማራጭ የመረጠ ትምህርት ቤት መጀመሪያ ደንቡን ያስተካክል፤ አለዚያ መምህሩ «አውጡ» ሲል ተቆጣጣሪው «ስጡ» ይላል። ከዚያ ቀጥሎ ያለው ጥያቄ ደግሞ ስልክ የሌለው ልጅ ምን ያደርጋል ነው። ከገጠር ቀበሌ መጥቶ ከተማ ቤት ተከራይቶ የሚማር ተማሪና የነጋዴ ልጅ እኩል ስልክ አይዙም። ስለዚህ በክፍል ውስጥ ስልክ በቡድን እንጂ በነፍስ ወከፍ አይታሰብ፦ አንድ ስልክ ለሦስት ወይም ለአራት።

ከዌብ መሣሪያዎቹ ውስጥ ሦስቱን ማነጻጸር በቂ ነው።

ካሁት፣ በስልክ የሚጫወቱት የጥያቄና መልስ ውድድር፣ ክፍሉን ያሞቃል፤ ሆኖም ነጥብ የሚሰጠው ፈጥኖ ለመለሰ ስለሆነ ኔት በሚንገዳገድበት ቦታ የሚፈተነው ኔትወርኩ ነው። በቡድን ሆነው ሲጫወቱ ችግሩ ይቀንሳል። ለውጤት ግን በፍጹም አታውሉት።

ጉግል ፎርምስ፣ በኔት የሚሞላ ቅጽ፣ የፈተና አሠራር አለው፤ ትክክለኛውን መልስ አስቀድማችሁ ስትሞሉ ራሱ ያርማል። ገጹ ቀላል ነው፣ ኔት ብዙ አይፈልግም። ችግሩ «ላክ» በሚባልበት ቅጽበት ኔት ከጠፋ የተማሪው ልፋት ሊጠፋ መቻሉ ነው። ፈተናውን በ10፣ በ10 ጥያቄ ከፋፍሉት፤ ከጠፋም የሚጠፋው ትንሽ ይሆናል።

ቴሌግራም ከሁሉም በላይ ሰዉ እጅ ውስጥ ያለ ነው። የጥያቄ ምርጫው (ትክክለኛ መልስ ያለው ፖል) ጥሩ ልምምድ ነው። ሦስት ማስተካከያዎች ግን አትርሱ። የስልክ ቁጥራችሁን በግላዊነት ማስተካከያ ውስጥ «ማንም አይየው» አድርጉት፤ ተማሪዎችም እንዲሁ። የመግቢያ ሊንኩን በአስተዳዳሪ ፈቃድ ብቻ የሚያስገባ አድርጉት፤ አለዚያ ሊንኩ ከእጅ ወደ እጅ ሄዶ የማይታወቅ ሰው ከልጆች ጋር ይቀመጣል። የሰሌዳ ፎቶ ስትልኩ በፎቶ ሳይሆን በፋይል ላኩ፤ በፎቶ የተላከ ተጨምቆ ስለሚደርስ የሰሌዳው ጽሑፍ አይነበብም። የቤት ሥራ ከሆነ ቢያንስ ሁለት ቀን ስጡ፤ በብዙ ቤት ስልኩ የአባት ወይም የታላቅ ወንድም ነው፣ ልጁ እጅ የሚገባው ማታ ነው።

ቪዲዮ በኔት ክፍል ውስጥ ማየትን ግን እርሱት። በዝቅተኛ ጥራት እንኳ በደቂቃ 5 ሜጋባይት ያህል ይሄዳል። 40 ስልክ፣ 10 ደቂቃ ሲባዛ 2 ጊጋባይት ነው፤ ለአንድ ክፍለ ጊዜ። በመምህሩ ሆትስፖት እናገናኛለን ብትሉም አብዛኛው ስልክ ከ8 ወይም ከ10 በላይ አይቀበልም።

ሁሉንም የዲጂታል አማራጭ የሚነካ አንድ የአገራችን ችግር እዚህ ላይ ይነሳ። ብዙ የፈተና ፋይሎች በድሮው ፓወር ግዕዝ ወይም ቪዥዋል ግዕዝ ፊደል የተተየቡ ናቸው። እንዲህ ያለ የዎርድ ፋይል ስልክ ላይ ሲከፈት የላቲን ፊደልና ምልክት ዝርክርክ ሆኖ ይመጣል። ለጊዜው በተተየበበት ኮምፒውተር ላይ ፒዲኤፍ ማድረግ ያድናል። ዘላቂው ግን በዩኒኮድ (በየትኛውም ስልክና ኮምፒውተር በሚነበበው የፊደል አሠራር) መተየብ ነው፤ ፎርምስና ቴሌግራም ውስጥ ገልብጦ መለጠፍ የሚቻለው ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ሦስተኛ፦ የትምህርት ቤቱ ታብሌት ከኦፍላይን ሰርቨር ጋር

ገንዘብ ካለ፣ የሚከታተለው ሰውም ካለ፣ ከሁሉ ጥልቅ የሚሄደው ይህ ነው። ኔት ሳያስፈልግ በክፍሉ ውስጥ ብቻ የሚሠራ ትንሽ «ኢንተርኔት» ማለት ነው። የእጅ መዳፍ የምታክል ራስፕቤሪ ፓይ ኮምፒውተር ወይም ያረጀ ላፕቶፕ ኮሊብሪን ይጭናል። ኮሊብሪ የቪዲዮ ትምህርትና መልመጃ ማደያ ነው፤ መምህሩ ክፍል ከፍቶ ተማሪ ይመዘግባል፣ ማን የት እንደደረሰ ያያል። ኪዊክስ ደግሞ ዊኪፔዲያን ያለ ኔት ያስነብባል። የፊዚክስና የኬሚስትሪ ቤተ ሙከራ ለሌለው ትምህርት ቤት የፌት ማስመሰያዎች ይጨመሩ፤ የኤሌክትሪክ ዑደት መዘርጋት፣ ፔንዱለም ማወዛወዝ፣ አሲድና ቤዝ መለካት በብሮውዘር ይሠራሉ።

አተካከሉ፦

ይዘቱን ኔት በሚፈጥንበት ቦታ፣ ለምሳሌ ደብረ ብርሃን ላይ፣ አውርዱ። ከኮሊብሪ ወደ ፍላሽ ወይም ሃርድ ዲስክ ላኩትና ትምህርት ቤት ባለው ሰርቨር ላይ አስገቡት። ፍላሹ በፋት32 የተፎረመተ ከሆነ ከ4 ጊጋባይት በላይ የሆነ ነጠላ ፋይል አይቀበልም። የኪዊክስ ፋይሎች ብዙ ጊዜ ከዚያ ይበልጣሉ፤ «ቦታ የለም» ብሎ ሲያስቸግር ምክንያቱ ይህ ነው። ወደ ኤክስፋት ቀይሩት።

ሰርቨሩ የራሱን ዋይፋይ ይለቃል። ራስፕቤሪ ፓይ 4 በራሱ አንቴና ከ15 እስከ 20 መሣሪያ ሲደርስ መንገዳገድ ይጀምራል። ከዚያ በላይ ከሆነ በኬብል አንድ ራውተር አያይዙና ዋይፋዩን ራውተሩ ይልቀቅ።

ተማሪው ዋይፋዩን ይዞ በብሮውዘሩ የሰርቨሩን አድራሻ ይጽፋል። እዚህ ላይ ሁሉም የሚሰናከልበት ነገር አለ፦ አንድሮይድ «ይህ ዋይፋይ ኢንተርኔት የለውም» ይልና ሲም ያለበት መሣሪያ በራሱ ወደ ሞባይል ዳታ ይዞራል፤ ገጹ አይከፈትም። የሞባይል ዳታውን አጥፉ፣ ወይም ታብሌቱን ያለ ሲም ተጠቀሙ።

መብራቱን በተመለከተ ሒሳቡ ደስ ይላል። 20,000 ሚሊአምፒር ሰዓት ፓወር ባንክ በወረቀት 74 ዋት ሰዓት ነው፤ በተግባር 45 ያህል ይሰጣል። ፓይ 4 ወደ 5 ዋት ስለሚወስድ 9 ሰዓት፣ ማለትም ሙሉ የትምህርት ቀን ይሄዳል። ባለ 12 ቮልት ራውተር ግን ከተራ ፓወር ባንክ በቀጥታ አይሠራም፤ ስትገዙ ቮልቱን እዩ። መብራት ድንገት ሲጠፋ የሚጎዳው የፓዩ ማይክሮ ኤስዲ ካርድ ነው። ሙሉ ቅጂ ያለበት ሁለተኛ ካርድ መሳቢያ ውስጥ ይኑር፤ ይህን ያላደረገ ትምህርት ቤት ካርዱ በተበላሸ ቀን ሥራው ይቆማል።

ታብሌቶቹን በተመለከተ፣ 60 ተማሪ በሦስት በሦስት ከሆነ 20 ይበቃል። 20ውን አንድ ላይ ቻርጅ ማድረግ 200 ዋት ገደማ ነው፤ ማከፋፈያው ርካሽ ከሆነ መሰኪያው ሊግል ይችላል። በ10፣ በ10 አዙሩ። በደብረ ብርሃንና በመንዝ ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ውርጭ ብረት ሳጥን ውስጥ ያደረ ታብሌት ጠዋት ቀዝቅዞ እያለ አይሰካ፤ የሊቲየም ባትሪ ከ0 ዲግሪ በታች ቻርጅ ሲደረግ ለዘለቄታው ይጎዳል። ክረምት ሲዘጋ ደግሞ በ50 በመቶ ገደማ ባትሪ አጥፍታችሁ አስቀምጡ። ሙጥጥ ብሎ ባዶ ሆኖ ሐምሌና ነሐሴን የተኛ ባትሪ መስከረም ላይ ላይነሳ ይችላል።

ቋንቋውን አስቡበት። በእነዚህ ሰርቨሮች ውስጥ ያለው ይዘት አብዛኛው እንግሊዝኛ ነው፤ ለ9ኛ ክፍልና ከዚያ በላይ ከትምህርት ቋንቋው ጋር ይሄዳል። የአማርኛ ዊኪፔዲያ ትንሽ ነው። ለታችኛው ክፍል አፍሪካን ስቶሪቡክ የአማርኛ ተረቶች አሉት፤ ከዚያ ውጭ ያለውን መምህራኑ ራሳቸው ማዘጋጀት ይኖርባቸዋል።

አራተኛ፦ ፕሮጀክተር ወይም ትልቅ ቲቪ

አንድ ዕቃ፣ አንድ ላፕቶፕ፣ ሁሉም ተማሪ ያያል። ማራኪነቱ እዚህ ላይ ነው፤ ድካሙም እንዲሁ፦ ተማሪው ተመልካች ሆኖ ይቀራል።

ቲቪ ከሆነ በሜትር ለኩ። የ55 ኢንች ቲቪ ምስል ቁመቱ 68 ሴንቲሜትር ገደማ ነው፤ ጽሑፍ በምቾት የሚነበበው እስከ ቁመቱ 6 እጥፍ ያህል ርቀት፣ ማለትም 4 ሜትር ነው። 8 ሜትር የሚረዝም ክፍል ውስጥ የኋለኛው ግማሽ ሥዕል ያያል እንጂ ጽሑፍ አያነብም። ወይ ፊደሉን አግዝፉ ወይ ፕሮጀክተር ግዙ።

ፕሮጀክተር ከሆነ መጋረጃ ለሌለው ክፍል ከ3,000 አንሲ ሉመን (የብርሃን ጥንካሬ መለኪያ ነው) በታች አትውረዱ። «አንሲ» የሚለው ቃል ወሳኝ ነው፤ ትናንሾቹ ርካሽ ፕሮጀክተሮች ካርቶናቸው ላይ የሚጽፉት ትልልቅ ቁጥር ሌላ ነገር ነው፣ ቀን ላይ ግድግዳው ላይ ጥላ እንጂ ምስል አይታይም።

ከፍታው የሚመጣው እዚህ ነው። በከፍታ ቦታ አየሩ ስስ ስለሆነ ማራገቢያው የሚገፋው አየር ሙቀቱን በደንብ አይወስድም። ብዙ ፕሮጀክተሮች ከ1,500 ሜትር በላይ የሚበራ የከፍታ ማስተካከያ አላቸው። ከፋብሪካ ሲመጣ ጠፍቶ ነው። ደብረ ብርሃን፣ ደብረ ሲናም ሆነ መሐል ሜዳ ላይ ካላበራችሁት ፕሮጀክተሩ እየጋለ ራሱን ያጠፋል፣ አምፖሉም ከዕድሜው በፊት ይሄዳል። ድምፁ ይጨምራል፤ ታገሡት። ሸዋ ሮቢት ላይ ይህ አያስፈልግም፤ እዚያ ጠላቱ ሙቀትና አቧራ ነው፣ ማጣሪያውን በየወሩ አጽዱ።

ባለ አምፖል ፕሮጀክተር ከጠፋ በኋላ ማራገቢያው እስኪቆም ከሶኬት አይነቀልም። መብራት ሲሄድ ደግሞ ማንም ሳይነካው የሚሆነው ይኸው መነቀል ነው። ስለዚህ ፕሮጀክተር ያለ ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ ለጥቂት ጊዜ የሚተካ ባትሪ) አትግዙ። ዩፒኤሱ ትምህርቱን ለመጨረስ አይደለም፤ ማሽኑን በሥርዓት ለማጥፋት ጥቂት ደቂቃ ይሰጣችኋል።

አምስተኛ፦ የኮምፒውተር ክፍል

አዲስ መገንባት ለአብዛኛው ትምህርት ቤት ውድ ነው። ያለውን መጠገን ግን ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ሌላ ምክንያት አግኝቷል፦ የ12ኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተና በከፊል በኮምፒውተር መሰጠት ጀምሯል። ማውስ ይዞ የማያውቅ ተማሪ ያን ቀን ከጥያቄው በፊት ከማውሱ ጋር ይታገላል። ከ20 ኮምፒውተር 8ቱ ብቻ ቢሠሩ እንኳ በየተራ ለ11ኛና ለ12ኛ ክፍል አውሉት፤ ኮሊብሪ አሮጌ ኮምፒውተር ላይም ይሄዳል።

ስለ ቻትጂፒቲና ጀሚናይ በአጭሩ

መምህሩ ቤቱ ሆኖ የጥያቄ ረቂቅ ለማውጣት በእነዚህ የሰው ሠራሽ አስተውሎት መተግበሪያዎች ይጠቀም። ዓመተ ምህረት ሲቀይሩ ይሳሳታሉ፣ የአማርኛ ሰዋስው ምሳሌ ሲጠየቁ ያልተባለ ቃል ይፈጥራሉ። ቻትጂፒቲን ከ13 ዓመት በታች ያለ ልጅ እንዳይጠቀም፣ ከ18 በታች ያለው ደግሞ በወላጅ ፈቃድ እንዲሆን የራሱ ደንብ ያዛል። የክፍል ዕቃ አድርጎ ማሰብ ገና ነው።

ማጠቃለያ ሠንጠረዥ

| አማራጭ | መብራት ሲሄድ | ኔት | ለ60 ተማሪ | ወጪ | ዋናው ድካም |
|---|---|---|---|---|---|
| ካርድና አንድ ስልክ | ይቀጥላል | ጥቂት | 1 ስልክ፣ 60 ካርድ | እጅግ ዝቅተኛ | ምርጫ ጥያቄ ብቻ |
| የተማሪ ስልክ | ይቀጥላል | ይፈልጋል | 15–20 ስልክ በቡድን | ለትምህርት ቤቱ ዝቅተኛ፣ ለቤተሰብ ከባድ | የሌለው ልጅ |
| ታብሌትና ሰርቨር | ባትሪ ካለ ይቀጥላል | አይፈልግም | 20 ታብሌት፣ 1 ሰርቨር | ከፍተኛ | ኃላፊ ሰው ይፈልጋል |
| ፕሮጀክተር | ይቆማል | አይፈልግም | 1 | መካከለኛ | ተማሪው ተመልካች |
| የኮምፒውተር ክፍል | ይቆማል | አይፈልግም | በፈረቃ | ጥገናው መካከለኛ | ሶኬትና ቦታ |

ለማን የትኛው?

መብራት ያልገባበት የመንዝ ወይም የመርሐቤቴ ገጠር ትምህርት ቤት ከሆነ በካርዱ ጀምሩ። ገንዘብ ከተገኘ ቀጥሎ የሚገዛው ስልክና ፓወር ባንክ የሚሞላ አነስተኛ ሶላር ነው፤ ታብሌት ከዚያ በኋላ።

ከተማ ውስጥ ያለ፣ መብራት በአብዛኛው ያለው ሁለተኛ ደረጃ ከሆነ አንድ ሰርቨር ካለው የኮምፒውተር ክፍል ጋር አያይዙ። ታብሌት ሳይገዛ የኦፍላይን ይዘቱ በዚያው ይጀመራል፤ መምህራኑ ከለመዱት በኋላ 10 ታብሌት ጨምሩ። ፕሮጀክተሩን ለባዮሎጂና ለጂኦግራፊ ዲፓርትመንት አንድ ብቻ ግዙና በቋሚ ክፍል አስሩት፤ ከክፍል ክፍል የሚዞር ፕሮጀክተር ኬብሉ ይጠፋል፣ ዝግጅቱም 10 ደቂቃ ይበላል።

የክፍሉ ተማሪ ከ63 በላይ ከሆነ ካርዱን ለሁለት ለሁለት አድሉ፤ ተመካክረው አንድ መልስ ያንሱ። ውይይቱ ራሱ ይጠቅማል።

ከውጭ አገር ወገኖች ዕቃ ልላክ ካሉ ሁለት ነገር ጠይቁ፦ ቻርጀሩ 220 ቮልት ይቀበላል ወይ? መሰኪያው ባለ ሁለት ክብ ነው ወይ? 110 ቮልት ብቻ የሚል ቻርጀር እዚህ ሲሰካ የሚቆየው አንድ ጊዜ ነው።

ፕሮፎርማ ስትሰበስቡ በሦስቱም ላይ እነዚህን አስጽፉ፦ የዋስትና ጊዜ፣ መለዋወጫ ባትሪ ወይም አምፖል ለየብቻ ስንት እንደሆነ፣ ሲበላሽ ደብረ ብርሃን ይጠገናል ወይስ አዲስ አበባ ይላካል። ከዚያ ዕቃውን ከመረከባችሁ በፊት ሱቁ ውስጥ ሳይሆን ራሱ ትምህርት ቤቱ ውስጥ፣ ተማሪ በሞላበት ክፍል፣ አንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ አሠሩት፤ በ20ኛው ደቂቃ ላይም ቆጣሪውን አጥፉት።